ነጠላ ሰረዙ ውስጥ ያለው ዘመን

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ያለኝን ነገር ብቻዬን ሆኜ አወጋችኋለሁ። በየዓመቱ በመስከረም መጨረሻ የሕክምና ኖቤል ሽልማት ሲታወጅ የተሸላሚዎቹን የሕይወት ታሪክ ፈልጎ ማንበብ የቆየ ልማዴ ነው። ታሪኮቹ ግን ሁልጊዜ አንድ መልክ ይዘው ስለሚጻፉ አንዳንዴ ያሰለቹኛል፦ ጎበዝ ተማሪ ነበሩ፣ ውጭ አገር ሄደው ተማሩ፣ አንድ ቀን አንድ ነገር አዩ፣ ተሸለሙ። «አዩ» እና «ተሸለሙ» በሚሉት በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ዘመን በነጠላ ሰረዝ ይታለፋል። እኔ ዛሬ ማውራት የምፈልገው ስለዚያች ነጠላ ሰረዝ ነው፤ የማነሣቸውም ሰው እንዶድ ቢልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ ለመከላከል እንደሚረዳ ያሳዩት ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

እንዶድን የማያውቅ አድማጭ ካለ በአጭሩ ላስረዳ። አያቴ ጋቢና ነጠላ የምታጥበው በእንዶድ ነበር። ፍሬው በፀሐይ ከደረቀ በኋላ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ዱቄቱ ሲቦን በአጠገቡ ያለፈ ሁሉ ሳያስነጥስ አይቀርም ነበር። ከውኃ ጋር ሲታሽ የሚያወጣው አረፋ ደግሞ የሱቅ ሳሙናን የሚያስንቅ ነው። እኔ በልጅነቴ የማውቀው ያን አረፋና ዓይኔን ሲያቃጥለኝ ብቻ ነው፤ አረፋው ታጥቦ ሲወርድ የት እንደሚሄድ ለአንድ ቀን እንኳ ተከትዬ አላየሁም።

ዶክተር አክሊሉ የተከተሉት እሱን ነው። በ1935 ጅጅጋ ተወልደው፣ አሜሪካ ውስጥ በኖርዝዌስተርን፣ በዊስኮንሲንና በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሩት እኚህ ወጣት ተመራማሪ፣ በ1964 ስለ ቢልሃርዝያ ለማጥናት አድዋ ነበሩ። የቢልሃርዝያ ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት በወንዝ ቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ ግድ ይለዋል፤ ከዚያ ወጥቶ ውኃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባና፣ በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ እየኖረ በሚጥለው እንቁላል ጉበትና ጣፊያን ያሳብጣል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ ሰንሰለቱ ይበጠሳል ማለት ነው። ዶክተሩ ቀንድ አውጣ ሲለቅሙ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱት ከሌላው ቦታ እንደሚበዙ አስተዋሉ። ከዚያም በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ አድርገው፣ ከአጣቢዎቹ አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንድትጨምርላቸው ለመኗት፤ ቀንድ አውጣዎቹ ተኮማትረው ሞቱ።

ጸሐፊዎች ነጠላ ሰረዝ የሚያደርጉት እዚህ ላይ ነው። የእሳቸው ሽልማት፣ ኖቤል ባይሆንም፣ የመጣው ግን በ1989 ነው። ሃያ አምስት ዓመት!

በእነዚያ ዓመታት የተሠራው ሥራ ለትረካ አይመችም፤ ለእኔ ግን ከአረፋው ታሪክ የበለጠ የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የበሽታዎችን ሥነ ሕይወት የሚያጠናውን የፓቶባዮሎጂ ተቋም መሠረቱ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው የሚጠራው እሱ ነው። ቀጥሎ ከ1969 እስከ 1974 በዚያው በአድዋ እንዶድን በወንዞቹ ላይ በተግባር ሞከሩት። በአምስቱ ዓመታት ውስጥ በሕዝቡ ዘንድ 63 በመቶ የነበረው የቢልሃርዝያ ስርጭት ወደ 34 በመቶ ወረደ፤ በትንንሽ ሕፃናት ላይ ደግሞ ከ50 ወደ 7 በመቶ። ሕፃናቱን ለይቶ መቁጠሩ ብልህነት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ትሉ ሰው ውስጥ ለዓመታት ስለሚኖር፣ ወንዙ መንጻቱን የሚመሰክረው ቀድሞ ያልተያዘው ልጅ ነው።

ባልደረባቸው ለገሠ ወልደዮሐንስ በበኩላቸው ከልዩ ልዩ ቦታ 65 የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው፣ እያበቀሉና እያነጻጸሩ፣ ኃይለኛ ሆኖ የተገኘውን 44ኛውን መረጡ። እስቲ አስቡት፤ አንድ የአጥር ሐረግ ተተክሎ፣ አድጎ፣ አፍርቶ፣ ፍሬው ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ተወቅጦ እስኪመረመር ስንት ጊዜ ይፈጃል? ይህን በ65 ዓይነት ላይ ለሠራ ሰው «አንድ ቀን አየ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ስድብ ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶም የዓለም ጤና ድርጅት እንዶድን ለብዙ ዓመታት አልተቀበለውም፤ በሰውና በአካባቢ ላይ ጉዳት አለማድረሱ ተመርምሮ ይረጋገጥ የሚል ነበር ጥያቄው። ዶክተር አክሊሉ በዚህ አዝነዋል፤ የአፍሪካ ሳይንስ ችግር የገንዘብና የመሣሪያ ብቻ ሳይሆን የባለጸጋዎቹ አገሮች ተቋማት ለአፍሪካውያን ሥራ ያላቸው አመለካከት ጭምር መሆኑን በአደባባይ ተናግረዋል። እኔ በሁለቱም በኩል እውነት አያለሁ። እንዶድ ዓሣም ስለሚጎዳ የምርመራው ጥያቄ ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን ምርመራውን የሚጠይቅ ሁሉ ለምርመራው የሚሆነውን ገንዘብ አይሰጥም። መጨረሻ ላይ የመርዛማነት ጥናቱን የደገፈው የካናዳው የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ነው። እስከዚያ ደግሞ ፕራዚኳንቴል የሚባለው የሚዋጥ መድኃኒት ወጥቶ፣ የዓለም ትኩረት ከወንዙ ወደ ክኒኑ ዞሯል።

የወባ መድኃኒት ካገኙት ከቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ጋር ሳነጻጽራቸው ልዩነቱ ጎልቶ ይታየኛል። እሳቸውም ከባህል መድኃኒት ተነሥተው፣ በ1967 በተጀመረ የመንግሥት ምስጢራዊ የወባ ፕሮጀክት ውስጥ ሠርተው፣ የዶክትሬት ዲግሪ ሳይኖራቸው በ2015 ኖቤል ተሸልመዋል። እሳቸውም ለረጅም ዓመታት ጠብቀዋል፤ ከጀርባቸው ግን ወባን ማሸነፍ የጦርነት ጉዳይ የሆነበት መንግሥት ነበረ። ከዶክተር አክሊሉ ጀርባ የነበረው አንድ አዲስ ተቋም ነው።

በ1989 ሁለቱ ኢትዮጵያውያን፣ አክሊሉና ለገሠ፣ የተሸለሙት «ራይት ላይቭሊሁድ» የሚባለውን ሽልማት ነው፤ ብዙዎች «አማራጩ ኖቤል» የሚሉት፣ በዚያን ጊዜ ስዊድን ውስጥ በፓርላማው ይሰጥ የነበረ ሽልማት። ዶክተር አክሊሉ በ1997 ባልቲሞር ውስጥ ዐረፉ። ከእንዶድ የተለየው ገዳይ ንጥረ ነገር በስማቸው «ለማቶክሲን» ተብሏል። ፈረንጅ ሰውን በአባቱ ስም ስለሚጠራ በኬሚስትሪ መጻሕፍት ውስጥ የቀረው አክሊሉ ሳይሆን አባታቸው ለማ ናቸው፤ ይህ ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል። አረፋውን የጨመረችው ሴት ግን ባነበብኋቸው ትረካዎች ሁሉ «አንዲት ልብስ አጣቢ» ተብላ ነው የምታልፈው።

ይህን ክፍል ሳዘጋጅ አክስቴ ዘንድ ደውዬ፣ በልጅነቷ በእንዶድ ሲያጥቡ የምታስታውሰው ወግ እንዳለ ጠየቅኋት። «ከብት ከሚጠጣበት ዝቅ ብለን ነው እንጂ ከላይ አናጥብም፤ ከላይ ስናጥብ ካገኘችን እናታችን ትቆጣ ነበር» አለችኝ።

«ለምን ነበር የምትቆጣው?» አልኋት።

«እንጃ ልጄ» አለችኝ፤ «የጠየቃትም የለ።»