ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ።

አምና አያቴ ያረፈች ሰሞን ቤታችን ሦስት ቀን ሙሉ በሰው እንደተሞላ ዋለ፣ አደረ። በሩ ላይ የእድሩ ድንኳን ተተክሎ፣ አግዳሚ ወንበሩ ተደርድሮ፣ ንፍሮ ሲቀቀል፣ ቡና ሲፈላ፣ አንዱ ሲገባ ሌላው ሲወጣ፣ ለብቻ ለማልቀስ እንኳ ጊዜ አልነበረም። በአራተኛው ቀን ጠዋት የእድሩ ልጆች መጥተው ድንኳኑን አነሡ። ወንበሩን ቆጥረው ጫኑ፣ ድስቶቹን ወሰዱ። ግቢው ውስጥ የቀረው ካስማ የተነቀለበት ጉድጓድ ብቻ ነበር። እናቴ በረንዳ ላይ ቆማ ብዙ ጊዜ ጉድጓዶቹን ስታይ ቆየች። ከዚያ ወረደችና ጎንበስ ብላ፣ በእጇ አፈር እየዛቀች አንድ በአንድ ደፈነቻቸው።

የዚያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። አንዲት ጓደኛዬ ከወራት በፊት በፍላሽ ገልብጣ የሰጠችኝ፣ ሳላየው የቆየ የጃፓን አኒሜ ነበር፤ ስሙ «ፍሪረን» ይባላል። ሲነጋ አራተኛውን ክፍል ጨርሻለሁ።

«አኒሜ ማየት እፈልጋለሁ፣ ከየትኛው ልጀምር?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ሁሉ ዛሬ የምመልሰው ከዚያ ሌሊት ተነሥቼ ነው። አኒሜ ማለት አንድ ዓይነት ታሪክ ማለት አይደለም። በሥዕል የሚሠራ የጃፓን ፊልም ነው፤ በውስጡ ታሪክ አለ፣ ወንጀል አለ፣ ስፖርት አለ፣ የጠፈር ጉዞ አለ፣ የቤተሰብ ኑሮ አለ። ስለዚህ ከየወገኑ እጠራላችኋለሁ። ስመርጣቸው ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። እኔ የምወዳቸው ሁሉ የሚጀምሩት ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ነው። ጦርነቱ ካለቀ፣ ሟቹ ከተቀበረ፣ ስሕተቱ ከተፈጸመ በኋላ ያለውን ማግስት ነው የሚተርኩት። ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከ«ፍሪረን» ልጀምር። ከ2023 እስከ 2024 የተላለፈው የመጀመሪያው ምዕራፍ 28 ክፍሎች አሉት። አራት ጓደኛሞች አሥር ዓመት ተጉዘው የአጋንንቱን ንጉሥ ገድለው ወደ ከተማቸው ሲመለሱ ነው የምናገኛቸው። ሌላው ተረት እዚህ ላይ ያበቃል። ፍሪረን አስማተኛ ናት፤ ዘሯ ኤልፍ የሚባል የተረት ፍጡር ስለሆነ ከሺህ ዓመት በላይ ትኖራለች፤ አሥር ዓመት ለእርሷ የአንድ ሳምንት ያህል ነው። በድሉ ሌሊት በሃምሳ ዓመት አንድ ጊዜ የሚወርድ የተወርዋሪ ኮከብ ዝናብ አብረው ያያሉ። እርሷም «በሚቀጥለው ጊዜ የተሻለ የሚታይበት ቦታ አሳያችኋለሁ» ብላቸው ትሄዳለች፤ የፊታችን ቅዳሜ እንገናኝ እንደሚል ሰው። በቀጠሮዋ ስትመለስ ጀግናው ሂመል ራሰ በራ፣ አጭር ሽማግሌ ሆኗል። ኮከቡን ያያሉ። ከዚያ ሂመል ይሞታል።

ቀብሩ ላይ የቆሙት ሰዎች ይንሾካሾካሉ፤ ጓደኛው ሆና እንባ እንኳ አልወጣትም ይላሉ። ለቅሶ ላይ ማን እንዳለቀሰ፣ የማን ዓይን እንደደረቀ የሚከታተል ሰው ያላጋጠመው ማን አለ? ፍሪረን ዝም ብላ ትቆማለች። እንባዋ የሚመጣው አፈሩ መውደቅ ሲጀምር ነው። አሥር ዓመት አብራው ተጉዛ ስለ እርሱ የምታውቀው ምንም ነገር እንደሌለ የገባት ያኔ ነው። የሰው ዕድሜ አጭር መሆኑን እያወቀች ልታውቀው አለመሞከሯ ያንገበግባታል።

እኔም ያን ሌሊት አያቴን አሰብኩ። በልጅነቷ አዲስ አበባ ስትገባ እጇን ይዞ ያመጣት ማን እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ግቢ ኖረናል።

ቀሪው ታሪክ ፍሪረን የድሮውን መንገድ ከተማሪዋ ከፈርን ጋር እንደገና ስትጓዘው ነው። በየመንደሩ ሂመል የሠራው አንድ ትንሽ ነገር ይጠብቃታል። ትልልቅ ውጊያዎች አሉት፤ እኔን የያዘኝ ግን ሜዳ በአበባ የምትሞላበት አስማት ነው። ለጦርነት የማይጠቅም፣ ሂመል ግን የወደደው። የመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች በጃፓን ቴሌቪዥን የተላለፉት በአንድ ምሽት ተያይዘው ነበር፤ እናንተም እንደዚያው እዩአቸው።

ታሪክና ጦርነት ለሚወድ «ቪንላንድ ሳጋ» አለለት። በ2019 24 ክፍል፣ በ2023 ሌላ 24 ክፍል ወጥቷል። ዘመኑ አሥራ አንደኛው ክፍለ ዘመን፣ ቦታው የቫይኪንጎች ሰሜን አውሮፓ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ አባቱ የተገደለበት ቶርፊን የሚባል ልጅ ደም ለመመለስ ሲያድግ ያሳያል። ደም መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ብዙዎች ይህን ምዕራፍ ወደው ሁለተኛውን «ቀዘቀዘ» ብለው ይተዉታል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ የሁለተኛው መግቢያ ነው። በሁለተኛው ቶርፊን ዴንማርክ ውስጥ በአንድ ባለጸጋ እርሻ ላይ ባሪያ ሆኖ፣ አይናር ከሚባል ሌላ ባሪያ ጋር ጫካ ይመነጥራል። ዛፍ ይቆርጣሉ፣ ጉቶ ይነቅላሉ፣ ፈረስና ማረሻ ለመዋስ አንድ ሽማግሌ ደጅ ይጠናሉ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ከመግደል በቀር ምንም ያልሠራ እጅ ስንዴ ይዘራል። ቡቃያው ሲወጣ የሚታየው የቶርፊን ፊት ከዚያ በፊት ካየሁት ጦርነት ሁሉ በላይ አእምሮዬ ውስጥ ቀርቷል። ምንጣሮ የሚያውቅ የገበሬ ልጅ ደግሞ ከእኔ የበለጠ ያየዋል። ደም የበዛበት ነውና ከልጆች ጋር አትዩት።

እዚህ ላይ አንድ ትዝታ ላንሣ። በልጅነታችን በሰፈራችን ዲሽ የነበረው ጎረቤታችን ቤት ብቻ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ስምንት ዘጠኝ ልጆች ምንጣፍ ላይ ተደርድረን «ስፔስቱን» በሚባለው የዐረብኛ ጣቢያ «ካፒቴን ማጅድ»ን እናይ ነበር። ጃፓናዊው የእግር ኳስ ተጫዋች ፁባሳ ማጅድ የተባለው ወደ ዐረብኛ ሲመለስ ነው። ዐረብኛ የሚያውቅ ከመካከላችን አልነበረም። ስለዚህ ንግግሩን እኛው እንሞላው ነበር፤ ከሁላችንም ታላቅ የሆነችው ልጅ «አሁን እናቱ ታማለች፣ ለዚያ ነው የሚያለቅሰው» ስትል ሁላችንም እናምናታለን። ዛሬ ብዙ አኒሜ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይታያል፣ በአማርኛ ግን ፈልጌ የማገኘው ጥቂት ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱን በኋላ እነግራችኋለሁ።

ወንጀልና ምርመራ ለምትወዱ «ሞንስተር»። ከ2004 እስከ 2005 የተላለፈ፣ 74 ክፍል ያለው ነው። ዶክተር ቴንማ በጀርመን ዱሰልዶርፍ የሚሠራ ጃፓናዊ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነው። መጀመሪያ ላይ አለቆቹ አዝዘውት ቀድሞ የመጣውን የቱርክ ሠራተኛ ትቶ ታዋቂ የኦፔራ ዘፋኝ ያክማል፤ ሠራተኛው ይሞታል። በኮሪደሩ ሲያልፍ የሟቹ ሚስት ልጇን ይዛ ታገኘዋለች፤ ቀድሞ የመጣው ባሌ ነበር እያለች ደረቱን ትደበድበዋለች። ባዕድ አገር ዘመድ ያስታመመ ሰው ይህችን ሴት ያውቃታል። ከዚያ በኋላ በ1986 አንድ ሌሊት ጥይት ጭንቅላቱን የመታው ልጅ ይመጣል፤ ቀጥሎም የከተማው ከንቲባ። ቴንማ በዚህ ጊዜ ትእዛዝ አልቀበልም ብሎ ልጁን ያድናል። ትክክል ሠራ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ያዳነው ልጅ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ፊቱ ይቆማል። ታሪኩ ረጅም ነው፣ አንዳንድ ቦታ ዋናውን ሰው ትቶ የማናውቀው ሰው ቤት ገብቶ ይቀመጣል። አትቸኩሉ፤ የእነዚያ ሰዎች ታሪክ ሁሉ ኋላ ይፈለጋል።

አባቶቻችን ሰንጠረዥ እንደነበራቸው ጃፓኖች ሾጊ አላቸው። በሾጊ የተማረከ ጠጠር ከጨዋታ አይወጣም፤ የማረከው ሰው መልሶ ለራሱ ወገን ያሰልፈዋል። «ሳንጋትሱ ኖ ላዮን» ስለ ሾጊ ተጫዋች ነው፤ በእንግሊዝኛ «ማርች ካምስ ኢን ላይክ ኤ ላየን» ብላችሁ ፈልጉት፤ በሁለት ምዕራፍ 44 ክፍል ነው። ሬይ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው። እናት አባቱንና ታናሽ እኅቱን በመኪና አደጋ ያጣ ጊዜ የአባቱ ጓደኛ ሾጊ ትወዳለህ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። አዎ ይላል። ውሸቱን ነው፤ የሚያስጠጋው ሰው ለማግኘት ነው። በዚያች አንዲት ቃል ላይ ነው ሕይወቱ የቆመው። ወንዙን ተሻግሮ ሦስት እኅትማማቾች አሉ፤ ጠርተው ያበሉታል፣ ብርድ ልብስ ይደርቡለታል። በሁለተኛው ምዕራፍ መካከለኛዋ ሂናታ፣ ሁሉም የሚያገልሏትን የክፍሏን ልጅ ወግና በመቆሟ ጥቃቱ ወደ እርሷ ይዞራል። እያለቀሰች፣ እየፈራች፣ ያደረግሁት ስሕተት አልነበረም ትላለች። በትምህርት ቤት ልጁ ለተገፋበት ወላጅ ሁሉ ይህን እመክራለሁ፤ ከልጃችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እዩት።

ሌሎቹን ባጭሩ ላንሣቸው። «ፉልሜታል አልኬሚስት ብራዘርሁድ» 64 ክፍል ነው፤ የሞተች እናታቸውን ለመመለስ ሞክረው አንዱ እጅና እግሩን፣ አንዱ አካሉን በሙሉ ያጣ ወንድማማቾች ታሪክ ነው። ጀብዱ የሚወድ ወጣት በዚህ ቢጀምር ጥሩ ነው። የጠፈር ታሪክ ለሚሻ የ1998ቱ «ካውቦይ ቢባፕ» 26 ክፍል ብቻ ነው፤ ሙዚቃው የዮኮ ካኖ ነው፣ በጥሩ ማዳመጫ ስሙት። «ዋን ፒስ»ን ለጀማሪ አልመክርም፤ ክፍሎቹ ገና በ2021 ከ1000 አልፈዋል።

አሁን ወደ እናቴ ልመለስ። የአያቴ አርባ ካለፈ በኋላ እናቴ ቴሌቪዥን መክፈት ተወች። በአማርኛ የሚተረጎሙትን የቱርክ ድራማዎች እንኳ፣ አንድ ክፍል የማታሳልፈውን ሁሉ። አንድ ምሽት «ሾዋ ገንሮኩ ራኩጎ ሺንጁ»ን ሳይ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «ሥዕል ነው እንዴ?» አለችኝ። ሥዕል ነው እማዬ፣ የትልልቅ ሰዎች ነው አልኳት። እንግሊዝኛውን ፈጥና ስለማታነብ እያስቆምኩ በአማርኛ እነግራት ጀመር።

ራኩጎ የጃፓን የተረት ጥበብ ነው። አንድ ሰው ትራስ ላይ ተንበርክኮ ብቻውን ያወራል። ያለው ማራገቢያና ትንሽ ጨርቅ ብቻ ነው። ፊቱን ወደ ቀኝ ሲያዞር አንድ ሰው፣ ወደ ግራ ሲያዞር ሌላ ሰው ይሆናል። በታሪኩ ከእስር ቤት የወጣ ወጣት በቀጥታ ያኩሞ የሚባል ሽማግሌ ተራኪ ዘንድ ሄዶ ተማሪህ አድርገኝ ይለዋል፤ ሽማግሌው እስር ቤት መጥቶ ሲያወራ ሰምቶት ነበር። ያኩሞ ተማሪ ተቀብሎ አያውቅም። ለምን እንደሆነ በሁለት ምዕራፍ፣ በ25 ክፍል ይነግረናል። እኔ ካየኋቸው አኒሜዎች ሁሉ ከዚህ የሚበልጥብኝ የለም።

ተራኪው ማራገቢያውን እንደ ዘንግ፣ እንደ ምግብ መብያ፣ እንደ ፒፓ ሲያደርገው ገለጽኩላት። እናቴ «አቁሚው» አለችኝ። አቆምኩት።

«አያትሽም እንደዚህ ነበረች» አለች። ተነሥታ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። የሐዘን ነጠላዋን በሁለት ጣቶቿ ከራሷ በላይ ሳብ ሳብ አድርጋ የጅብ ጆሮ ሠራችለት። ወደ ቀኝ ዞራ በጎርናና ድምፅ «እመት አህያ፣ ደህና አደርሽ?» አለች። ጆሮዎቹን ጣል አድርጋ ወደ ግራ ዞረች፣ አንገቷን ሰበረች፣ ድምፁዋን አቀጠነች። እናቴ ተረት ስታወራ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ተረቱ የአያቴ ድርሻ ነበር። ጅቡ ውሃው ከላይ ሲፈስ ከታች ያለችውን አህያ «አደፈረስሽብኝ» ብሎ ሲከሳት፣ የእናቴ አፍንጫ ልክ እንደ አያቴ ሰፋ፤ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ሳቅን፣ ከዚያ ዝም አልን፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው አወራችልኝ።

ሁለተኛውን ክፍል ያየነው በማግስቱ ነው።