በእጄ የያዝኳት ሳሙና

እንደምን አመሻችሁ! ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ይህችን ሳሙና ይዤ የመጣሁት በምክንያት ነው። ጀርባዋ ላይ የተጻፈውን ላንብብላችሁ፦ «ሶዲየም ፓልሜት፣ ሶዲየም ፓልም ከርኔሌት።» ስንቶቻችን ልብ ብለነዋል? እኔ ለዓመታት እጄን ታጥቤባት አንድ ቀን አንብቤያት አላውቅም ነበር።

ሁለቱም ስሞች ከአንድ ፍሬ የወጡ ናቸው። የፓልም (የዘይት ዘንባባ ዛፍ) ፍሬ ትንሽ ናት፤ ስትበስል ወደ ቀይ የምታደላ ብርቱካናማ። ሥጋዋ ሲጨመቅ አንድ ዘይት ይወጣል። ውስጧ ያለው ዘር ሲፈጭ ደግሞ ሌላ ዘይት ይሰጣል። የሥጋው ዘይት ሳይሞቅ ከፊሉ ይረጋል፤ ሳሙናዋን ጠንካራ የሚያደርጋት እሱ ነው። የዘሩ ዘይት ግማሽ ያህሉ ሎሪክ አሲድ የሚባል የቅባት ዓይነት ነው። ያ ነጭ፣ ቡፍ የሚል አረፋ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ዘይቱ ኮስቲክ ሶዳ ከሚባለው ኃይለኛ ኬሚካል ጋር ሲዋሃድ ሳሙናና ግሊሰሪን ይሆናል። ግሊሰሪኑ አይደፋም። የጥርስ ሳሙና፣ ሎሽንና የሳል ሽሮፕ ውስጥ ይገባል። ሻምፖና የልብስ ማጠቢያ ፈሳሽ አረፋቸውን ብዙ ጊዜ ከዘሩ ዘይት ነው የሚያገኙት። ሻማም ከዚሁ ይሠራል፤ ለመኪና የሚሆን ባዮዲዝልም እንዲሁ። ብስኩትና ማርጋሪኑን እንኳ ተዉት፣ እሱን ሁሉም ያውቀዋል።

ከዓለም የፓልም ዘይት ከ80 በመቶ በላይ የሚመረተው በኢንዶኔዥያና በማሌዥያ ነው። ለእርሻው ሲባል ብዙ ደን ተመንጥሯል፣ ተቃጥሏል። ይህ ያመኛል። ግን «ፓልምን እርግፍ አድርገን እንተወው» ከሚሉት ጋር አልስማማም። አንድ ሄክታር ፓልም በዓመት 3 ቶን ያህል ዘይት ይሰጣል። አኩሪ አተር ግማሽ ቶን ቢሰጥ ነው። ወደ እሱ ብንዞር የሚያስፈልገን መሬት ስንት እጥፍ ይሆናል?

እኔን የሚያንገበግበኝ ድብብቆሹ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የምግብ ማሸጊያ ላይ «የአትክልት ዘይት» ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ የየትኛው ተክል እንደሆነ መጻፍ አለበት። ሳሙናና ሻምፖ ግን በኬሚካል ስም ታጥረው ይሸጣሉ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሳሙና የምታመርቱ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልመናዬ ለእናንተ ነው። ዘይቱ ፓልም መሆኑንና ከየት አገር እርሻ እንደመጣ በግልጽ ቋንቋ ጻፉልን። ቦታ የለም አትበሉኝ። «ሶዲየም ፓልም ከርኔሌት» የሚል ረጅም ስም እዚህች ላይ ቦታ አግኝቷል።

አመሰግናለሁ።