ብድራችንን የሚያመጣልን ማነው?
በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በነጋዴዎች የእራት ምሽት ላይ ለማቅረብ የተዘጋጀ ንግግር

አባቶች፣ እናቶች፣ እህት ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ!

አዘጋጆቹ ስለ ኢኮኖሚው በጠቅላላው እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ የመጣሁት ለአንድ ጉዳይ ነው። ሕንፃ ስንገዛ ብድሩን የሚያመቻችልንን ብሮከር የምንመርጥበት መንገድ አልተመቸኝም።

አብዛኞቻችን በታክሲና በፓርኪንግ ጀምረን፣ ኪራይ ሲያንገበግበን ኖረን ነው ለሕንፃ የበቃነው። ብሮከሩንስ በምን መረጥነው? «የእገሌ ሚዜ ነው።» «መኖሪያ ቤቴንም የጨረሰልኝ እሱ ነው።» አለቀ።

አንድ ወንድማችን አለ፤ ስሙን አልጠራም። ሬስቶራንቱ ያለበትን ሕንፃ በፈረንጆቹ 2020 ገዛ። ወለዱ ከ4 በመቶ በታች ነበር። ተደገሰ፣ ዶሮው ወጣ፣ ብሮከሩ ተመረቀ። እኔም በልቻለሁ። ወርሃዊ ክፍያው የተሰላው በ25 ዓመት ነው፤ ብድሩ ግን የ5 ዓመት ነበር። ባሉን ይሉታል። አምስት ዓመት ሲሞላ የቀረው ዕዳ በሙሉ ባንድ ጊዜ ይጠየቃል። ወይ ትከፍላለህ፣ ወይ በዕለቱ ወለድ እንደገና ትበደራለህ። ወንድማችን ይህን የተረዳው የባንኩ ደብዳቤ ሲደርሰው ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ወለዱን ሰቅሎታል። አዲሱ ብድር በ7 ተኩል መጣለት። ብሮከሩ ጋ ሲደውል የተሰጠው መልስ «ወረቀቱ ላይ አለ እኮ» የሚል ነው። አዎ አለ! የፈረመበት ወረቀት ክምር ውስጥ ተቀብሮ።

የሚያበግነኝ ሌላ ነው። ኤስ ቢ ኤ 504 የሚባል፣ ለትናንሽ ንግዶች የሕንፃ መግዣ ብድር የሚያግዝ የመንግሥት ፕሮግራም አለ። ብዙውን ጊዜ ባንክ 50 በመቶ፣ ፕሮግራሙ 40 በመቶ፣ ገዢው 10 በመቶ ያዋጣሉ። የ40 በመቶው ወለድ እስከ 25 ዓመት ንቅንቅ አይልም። ለነባር ሕንፃ 51 በመቶውን ራስህ ልትሠራበት ይገባል። ሰውዬው ሙሉውን ይሠራበታል! ለምን ስሙን እንኳ አልሰማም? ወረቀቱ ይበዛል፣ ጊዜ ይፈጃል። ብሮከሩ ኮሚሽኑን የሚቀበለው ብድሩ ሲዘጋ ነው፤ እንዲቆይበት አይፈልግም።

ወገኖቼ፣ ለ10 ሺህ ዶላር ዕቁብ ዋስ ጥራ እንላለን። ለሚሊዮን ዶላር ብድር ግን «ልጁ ጨዋ ነው» ይበቃናል! የአገር ልጅነት ለቅሶ ለመድረስ ነው። የመኖሪያ ቤት ብድር የሚያመቻች ሰው በ2008ቱ የፌዴራል ሕግ መሠረት ይመዘገባል፣ መለያ ቁጥር አለው። ለንግድ ሕንፃ ግን በብዙ ስቴቶች ይህ ግዴታ የለም። ትናንት መኪና ሲሸጥ የነበረ ዛሬ ካርድ አሳትሞ ሊመጣ ይችላል።

ስለዚህ ሁለት ሦስት ብሮከር አነጋግሩ፤ እንዲህ ብላችሁም ጠይቁ። የሚከፍልህ ማነው፣ እኔ ብቻ ወይስ ባንኩም? ስንት ባንክ ጋ ታቀርበዋለህ? ባሉን አለው? ቀድሜ ብከፍል ቅጣቱ ስንት ነው? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ከሌላ ጋር እንዳትሠሩ የሚያስር ውል ከሰጣችሁ፣ ጠበቃ ሳያየው አትፈርሙ።

በሩ አጠገብ ቅጽ አስቀምጫለሁ። የብሮከራችሁን ስም፣ የከፈላችሁትን ኮሚሽን፣ የብድሩን ዓመት ጻፉበት። የራሳችሁን ስም አልጠየቅኩም። ሰብስበን ለሁላችንም እንበትነዋለን። እዚህ ያላችሁ ብሮከሮችም ብትሞሉት ደስ ይለኛል።

አመሰግናለሁ።