ፊርማውን መጨረሻ ላይ እዩት፦ የድሮ የጃፓን ጎራዴ የት እንደተሰራ እንዴት ይታወቃል?

ሰላም ሰላም! ዛሬ የድሮ የጃፓን ጎራዴ፣ ካታና ምናምን የምንለው፣ መቼና የት እንደተሰራ ባለሙያዎቹ እንዴት እንደሚለዩት ነው የምናየው። ብዙ ሰው የሚመስለው እጀታውን ፈታ፣ ፊርማውን አነብ፣ አለቀ ነው። ጃፓን ውስጥ ግን ካንቴይ በሚሉት ልምምድ ላይ ፊርማው ያለበት ቦታ ተሸፍኖ ነው ጎራዴው የሚሰጣቸው፣ እነሱም ብረቱን ብቻ አይተው የሰሪውን ስም ወረቀት ላይ ጽፈው ያስገባሉ። ጎበዞቹ ደግሞ ያገኙታል!

[ስክሪን ላይ፦ ሦስት ጎራዴ ጎን ለጎን]

መጀመሪያ ቅርፁ። በግራ ያለውን እዩት፣ ቀጠን ያለ ነው፣ ጫፉ ትንሽ ነው፣ ጉብጠቱ ደግሞ ወደ እጀታው ተጠግቷል፣ ይሄ ታቺ ነው፣ ስለቱ ወደ ታች ሆኖ ወገብ ላይ የሚንጠለጠል የፈረሰኛ ጎራዴ፣ ከካማኩራ ዘመን መጀመሪያ፣ ማለትም 1200 አካባቢ፣ ወይም ከዛ በፊት። የመሀሉ ሰፊ፣ ጫፉም ረዘም ያለ፣ 14ኛው ክፍለ ዘመን። የቀኙ ቀጥ ሊል ምንም አልቀረው፣ እሱ 1660ዎቹ አካባቢ ነው፣ አገሩ ሰላም ከሆነ በኋላ። ግን እዚህ ጋ አንድ ችግር አለ፣ ረጃጅሞቹን ታቺዎች በኋላ ዘመን ሰዎች ከእጀታው በኩል እየቆረጡ አሳጥረዋቸዋል፣ ስለዚህ ጉብጠቱም ይቀየራል፣ ፊርማውም አብሮ ተቆርጦ ይሄዳል።

[ስክሪን ላይ፦ ብረቱ በቅርበት፣ አንድ አምፖል]

አሁን ዋናው ጋ መጣን። ክፍሉን ጨለም አድርጋችሁ አንድ አምፖል ብቻ አብሩና የጎራዴውን ጫፍ ወደ አምፖሉ አዙሩት፣ ከዛ የብርሃኑ ነጸብራቅ ጠርዝ ላይ ተመልከቱ። ስለቱን ተከትሎ የሚሄድ ነጣ ያለ መስመር ይታያል፣ ሃሞን ይባላል። አንጥረኛው ብረቱን ጭቃ ይቀባዋል፣ ጀርባው ላይ ወፈር ስለቱ ላይ ሳሳ አድርጎ፣ ከዛ አግሎ ውሃ ውስጥ ሲከተው ስለቱ ቶሎ ቀዝቅዞ ይጠነክራል፣ ሃሞን ማለት የጠንካራውና የለስላሳው ድንበር ነው። ድንበሩ ላይ በአይን የሚለዩ ብልጭ ብልጭ የሚሉ ቅንጣቶች ካሉ ኒኤ ናቸው፣ ተቀላቅለው ጭጋግ ብቻ ከመሰሉ ደግሞ ኒዮይ።

እስከ 1500ዎቹ መጨረሻ ድረስ ላሉት የድሮ ጎራዴዎች በየአውራጃቸው ስም የሚጠሩ አምስት ትልልቅ የአሰራር ወገኖች አሉ፦ ያማቶ፣ ያማሺሮ፣ ቢዘን፣ ሶሹ እና ሚኖ። ሶሹ፣ የዝነኛው አንጥረኛ የነማሳሙኔ ወገን፣ ኒኤው ደመቅ ይላል። ያማቶ ላይ ብረቱ ሲታጠፍና ሲቀጠቀጥ የቀረው መስመር ቀጥ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የኔ ምርጫ ግን ቢዘን ነው፣ የዛሬው ኦካያማ አካባቢ፣ ኒዮይ ይበዛበታል፣ ሃሞኑ ቅርንፉድ የተደረደረ ይመስላል፣ ከሃሞኑ በላይ ደግሞ ኡትሱሪ የሚባል ነጣ ያለ ጥላ አለ፣ ጎራዴውን ትንሽ ስታዘነብሉት ብቅ ይልና ይጠፋል። እሱን አንዴ በትክክል ያየ ሰው አይረሳውም፣ ፎቶ ላይ ግን ፈልጎ ማግኘት መከራ ነው።

[ስክሪን ላይ፦ እጀታ ውስጥ የሚገባው ክፍል]

ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው እጀታው የሚፈታው። ውስጥ ያለው ክፍል ናካጎ ይባላል። የዝገቱን ቀለም፣ የሞረድ ጭረቱ ወዴት እንደሚያዘነብል፣ የእጀታው ካስማ የሚገባበት ቀዳዳ ስንት እንደሆነ እዩ፣ ከአንድ በላይ ከሆነ እጀታ ተቀይሮለታል ወይ አጥሯል ብላችሁ ጠርጥሩ። ፊርማው ላይ ደግሞ ፎርጅድ የትየለሌ ነው! ኮቴትሱ የሚባለው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰሪ ስም ከተጻፈበት ሰብሳቢዎች ፎርጅድ ነው ብለው ነው የሚጀምሩት። ማሳሙኔ ደግሞ ከነጭራሹ ብዙም አይፈርምም ነበር፣ ስለዚህ "ማሳሙኔ" ተብሎ የተፈረመበት ረጅም ጎራዴ ሲያመጡላችሁ በርቱ ብላችሁ ሸኟቸው።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጎራዴዎችስ? ናካጎው ላይ ትንሽ ሾዋ ወይም ሴኪ የሚል ማህተም ካለ አብዛኛውን ጊዜ በባህላዊው መንገድ የተሰራ አይደለም። ግን የወታደር እጀታና አፎት ስላለው ብቻ አትናቁት፣ መኮንኖቹ የቤተሰባቸውን የድሮ ብረት እዛ ውስጥ እየከተቱ ዘምተዋል። ከጦርነቱ በኋላም ብዙ ጎራዴ አሜሪካ ገብቷል፣ የካጎሺማው ቴሩኩኒ መቅደስ የነበረ ኩኒሙኔ የሚባል የድሮ አንጥረኛ ስራ፣ የጃፓን ብሔራዊ ቅርስ የሆነ፣ ዋልተር ኮምፕተን የሚባል አሜሪካዊ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ ምን እንደሆነ ሲያውቅ በፈረንጆቹ 1963 ገንዘብ ሳይጠይቅ መልሶላቸዋል።

እና እባካችሁ፣ እቤታችሁ አንድ ካለ የናካጎውን ዝገት አትፈግፍጉት፣ በአሸዋ ወረቀትም በኮካም አትሞክሩ። ያ ጥቁር ቡናማ ዝገት ነው ዕድሜውን የሚናገረው፣ ከለቀቀ በኋላ ቶኪዮ ያሉት የጎራዴ መርማሪዎችም የሚይዙት ነገር ያጣሉ።