አብረው እያሉ ብቻቸውን የሚያዝኑ

የተከበራችሁ ሐኪሞች፣ ቤተሰቦች፣ በተለይ ደግሞ ልጅ ለማግኘት በሕክምና ላይ ያላችሁ ባልና ሚስቶች፣ እንደምን ዋላችሁ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ከ6 ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ የመውለድ ችግር ያጋጥመዋል። ችግሩ ከወንዱ በኩል የሚሆንበት ጊዜም ብዙ ነው። እኛ ዘንድ ግን ጣት የሚቀሰረው ሴቷ ላይ ነው። ባሏ አንዴ እንኳ ሳይመረመር ለዓመታት ከጠበል ጠበል፣ ከሐኪም ሐኪም የተንከራተተች ስንቷ ናት!

አይ ቪ ኤፍ፣ ማለትም የሴቷ እንቁላልና የወንዱ ዘር ከማህፀን ውጭ ተገናኝተው ፅንስ የሚፈጠርበት ሕክምና፣ ሲጀመር በየቀኑ የሆርሞን መርፌ ትወጋለች። ሆዷ ይነፋል፣ ስሜቷ ይለዋወጣል። ፅንሱ ማህፀኗ ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ሁለት ሳምንት ገደማ መጠበቅ አለ። ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። ሽንት ቤት በገባች ቁጥር ደም እንዳታይ ትፈራለች። «ዕቃ አንስቼ ይሆን? ተናድጄ ይሆን?» እያለች ራሷን ትከስሳለች። እህቴ፣ ፅንሱ ሳይዝ ሲቀር ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እዚያው ፅንሱ ላይ ያለ የክሮሞዞም፣ ማለትም የዘር መረጃ ተሸካሚው ክፍል፣ ችግር ነው። አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም።

ባልየውስ? እሱ «አይዞሽ» ባይ ነው። እሱም ካለቀሰ ቤቱ የሚፈርስ ይመስለዋል። ስለዚህ አምሽቶ ይገባል፣ ለሕክምናው ስለወሰዱት ብድር ብቻ ያወራል። እሷ ደግሞ «ግድ የለውም» ብላ ታዝናለች። መተቃቀፉ ሳይቀር በሐኪም ቀጠሮ ሲሆን ፍቅር ይደክማል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ አንድ ኀዘን ይዘው በየፊናቸው ማልቀሳቸው። ወንድሞቼ፣ «እኔም ፈርቻለሁ» በሏት። እሷ የምትጠብቀው ይህንኑ ነው።

ሙከራው ሳይሳካ ሲቀር ለቅሶ የሚደርስ የለም። ዕድር ድንኳን አይተክልም፣ ጎረቤት እዝን ይዞ አይመጣም። ሰኞ ጠዋት ሁለቱም ሥራ ይገባሉ።

እናቶቻችን፣ «ዓይንሽን በዓይንሽ ያሳይሽ» የምትሉት ከፍቅር መሆኑን እናውቃለን። በየክርስትናውና በየሰርጉ ሰው ፊት ሲባል ግን ይወጋል። እባካችሁ በጸሎታችሁ አድርጉት።

ሐኪሞች፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማዕከሉን ሲከፍት፣ ውጭ አገር መሄድ ለማይችሉ ብዙዎች ተስፋ ሆኗል። አሁን የምንለምናችሁ፣ የሥነ ልቦና ምክር ከመጀመሪያው ቀጠሮ እንዲጀመር ነው። ውጤት ስትናገሩ ሁለቱንም አስቀምጣችሁ ንገሯቸው። ካልተሳካም በዚያው ሳምንት አንድ ሰው ደውሎ «እንዴት ናችሁ?» ይበላቸው።

አመሰግናለሁ።