ዋስትናው ባለቀ በማግስቱ፦ ሞተረኞች ጠየቁ፣ መካኒኩ መለሱ

በዛሬው የአድማጮች ሰዓት ዕድሜያቸውን ሞተር ሳይክል ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ መካኒክ ስልክ ተቀብለዋል። ከተደወሉት ጥቂቶቹን እነሆ።

ከደብረ ብርሃን፦ ዋስትናው ካለቀ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጠዋት ጠዋት አልነሳም አለኝ። ካንዴላ፣ ያቺን ብልጭታ የምትሰጠዋን፣ ስቀይር አሥር ቀን ይሠራል፣ ከዚያ መልሶ ያው ነው። አራት ካንዴላ ጨረስኩ።

ወንድሜ፣ አራት ካንዴላ ገዝተህ አንዱንም አላየኸውም! ከመጣልህ በፊት ጫፉን እየው። እንደ ምጣድ ቂጥ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል። በዘይት ከራሰ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም የቫልቩ ጎማ አልቋል። የፈካ ቡኒ ከሆነ ካንዴላው ጤነኛ ነው፤ በሽታውን ሌላ ቦታ ፈልግ። ያለህበት ከተማ 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ለቆላ የተስተካከለ ካርብራተር (ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው) እዚያ ቤንዚን ይበዛበታል። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አራግፍ፣ ከዚያ ካርብራተሩን የሚያውቅ ሰው ያስተካክልልህ።

ቤንዚኑንስ ከየት ነው የምትቀዳው? በሃይላንድ ከመንገድ ዳር ከሆነ ጥቂቱን ብርጭቆ ውስጥ አድርገህ አሥር ደቂቃ ተወው። ውሃ ካለበት ከታች ይዘቅጣል። ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት ደግሞ ወረቀት ላይ ጠብ ስታደርገው ቅባቱን ትቶ ይደርቃል።

ከወረታ፦ ዘይት በስንት ኪሎ ሜትር ይቀየር?

ከሞተሩ ጋር የተሰጠህ መጽሐፍ በሚለው። አቧራ መንገድ ከሆነ ቀደም አድርገው።

ከባሕር ዳር፦ ፊውዝ በየሁለት ቀኑ ይቃጠልብኛል። አሁን ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ጠቅልዬበት በደንብ እየሠራ ነው። ችግር አለው?

ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ፣ በየሳምንቱም ያናድደኛል። አለው እንጂ! የፊውዝ ሥራው ከሽቦው ቀድሞ መቃጠል ነው። በየሁለት ቀኑ ተቃጠለ ማለት ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። አንተ ያደረግኸው ዘበኛው “ሌባ! ሌባ!” ሲል አፉን መወተፍ ነው። የሲጋራው ወረቀት ቶሎ አይቃጠልም፤ በእሱ ፈንታ ሽቦው ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል። ከሽቦው በላይ ያለው ምንድን ነው? ሰልባትዮ፣ የቤንዚኑ ጋን። ከሰልባትዮው ጀርባ የተቀመጠውስ? አንተ፣ አንዳንዴም ከኋላ ልጅህ።

ዛሬውኑ አውጣው። ልኩን የጠበቀ ፊውዝ አስገባ፤ አሥር አምፔር ከተጻፈበት አሥር እንጂ ሃያ አይደለም። ከዚያ ቁልፉን ከፍተህ መሪውን ቀስ እያልክ ግራና ቀኝ አዙር። ስታዞረው ፊውዙ ከተቃጠለ ሽቦው የተላጠው መሪው አንገት ላይ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ሦስት ጋራዥ ዞሮ፣ ባትሪ ቀይሮ፣ ዲናሞ አስጠቅልሎ መጣ። የፊት መብራቱን ፈትቼ ስገባ አንዲት ቀይ ሽቦ ከብረቱ ጋር ስትፋተግ ኖራ የጤፍ ቅንጣት የምታህል መዳብ ብልጭ ትላለች። ግራ ሲታጠፍ ትነካለች፣ ቀና ሲል ትለቃለች። በናስትሮ ጠቀለልኳት፣ አለቀ። ለዚህች ነው ዲናሞ የከፈለው!

አንገቱ ደህና ከሆነ፣ በኋላ ያስገጠምከውን ሁሉ ንቀል፦ ጡሩምባውን፣ አላርሙን፣ የስልክ ቻርጀሩን። አንድ በአንድ እየመለስክ የትኛው ላይ እንደሚቃጠል እይ። ካልተገኘ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጋ ሂድ እንጂ ወደ ሲጋራ ወረቀቱ እንዳትመለስ።

እህት ከሐዋሳ፦ ባለቤቴ ዕቃ የሚያደርስበት ሞተር በዋስትና ጊዜው ማርሹ ሦስት ጊዜ ተጠግኗል። አሁንም ያው ማርሽ ነው፤ ሻጩ “ጊዜው አልፏል” አለን።

እህቴ፣ የሦስቱ ጥገናዎች ወረቀት አለሽ? ካለሽ ችግሩ ትናንት እንዳልተፈጠረ ማስረጃ ነው። ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና የተቀየረውን ዕቃ በተርታ ጽፈሽ በደብዳቤ ጠይቂ፣ ቅጂው ላይም ፈርመው ይቀበሉሽ። የሸማቾች አዋጅ 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ ለመጠየቅ የሚሰጠው 15 ቀን ነው፤ የእናንተ ያለፈ ይመስለኛል። ከዚያ በላይ ያለው የጠበቃ ሥራ ነው፣ እኔ መፍቻ ነው የምይዘው። እስከዚያው ሌላ ጋራዥ ካስፈታችሁት ግን አሮጌውን የማርሽ ጥርስ ጥላችሁ እንዳትመጡ። ፎቶ አንሱት፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ቤት አስቀምጡት።

ከጎንደር፦ የሞተር ዘይቱ ወተት መስሏል፤ ምን ላድርግ?

ውሃ ገብቶበታል። ወንዝ አቋርጠህበታል ወይ በግፊት ውሃ አሳጥበኸዋል። እንዳታስነሳው፣ ገፍተህ ጋራዥ አድርሰው። ቆይ… ከኋላህ የሚሰማው ምንድን ነው? እየነዳህ ነው እንዴ የምትደውለው? አቁም! ሞተሩንም ስልኩንም አጥፋ።