ዓሣው የታለ?

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ ልጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ!

የመዝጊያ ንግግር አድርግ ተብዬ ነው የቆምኩት። ምስጋናውን መጨረሻ ላይ አደርሳለሁ። መጀመሪያ ሆዴ ውስጥ የከረመውን ላውጣ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጃችን ለኤግዚቢሽኑ የጫማ ካርቶን ይዛ መጣች። ውስጡ ኮራል የሚባለውን የባሕር ውስጥ አለት መሳይ ፍጥረት ሠርታለች። ቢጫና ቀይ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቆርጣ ለጥፋለች። ከመሃላቸው አንዱ ግን ዓሣ ነው። ከዳኞቹ አንዱ መጡ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ። «ዓሣው የታለ?» አሉ። ልጅቷ ዝም። ካርቶኑን አዞሩት፣ ጎንበስ አሉ፣ አጡት። ይሄኔ ተቆጡ። «ደሴ ባሕር አለ እንዴ? የሐይቅን ቆሮሶ ዓሣ ብትሠሪ ምን አለበት?» ብለው ከበር ኋላ ወሸቁት።

እኔ ብሆን ሙሉ ማርክ እሰጣት ነበር። ዓሣው እኮ የሚኖረው ባለመታየቱ ነው!

ኪንታሮታም እንቁራሪት ዓሣ ይባላል። ቢበዛ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖስ ኮራል መሃል ስፖንጅ የሚባለውን የባሕር እንስሳ መስሎ ቁጭ ይላል። ቀለሙንም ይቀይራል፤ ቀናት፣ አንዳንዴ ሳምንታት ይፈጅበታል እንጂ። ከመዋኘት ይልቅ በክንፎቹ መራመድ ይቀናዋል። ግንባሩ ላይ ቀጭን ዘንግ አለችው፤ ጫፏ ቁርጥ ትንሽ ዓሣ ነው የሚመስለው። እሷን ያወዛውዛል። የራበው ዓሣ ምሳ አገኘሁ ብሎ ሲጠጋ ከነውሃው ይምገዋል። የዘመዶቹ ፍጥነት ሲለካ 6 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ነው። ዓይናችሁን እስክትጨፍኑ ምሳው አልቋል።

ባሕር የለንምና ስለ ባሕር አንማር? ስለ ጨረቃ ስናስተምር ጦሳ ተራራ ላይ ወጥተን ነው የነካናት? አባቴ ሾፌር ነበር። በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ አሰብ ይወርዳል። ሲመለስ ኪሱ ውስጥ ዛጎል ይዞልኝ ይመጣል። እኔን የባዮሎጂ አስተማሪ ያደረገኝ ያ ዛጎል ነው። የዚህ ዓሣ ዘመዶችም ቀይ ባሕር ውስጥ አሉ። አባቴ ምሳውን ሲበላ እግሩ ሥር ተቀምጠው ሊሆን ይችላል፤ ማን አይቷቸው!

አንቺ ልጅ፣ አብሽሪ።

ምስጋናው፦ ለወላጆች፣ ለጽዳት ሠራተኞቻችን፣ ወንበር ላዋሱን ጎረቤቶች። ካርቶኑን ዛሬ ጠዋት ራሴ አውጥቼ መግቢያው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ስትወጡ እዩት። ያገኘው ሰው ለቀጣዩ እንዳይጠቁም!